የሰባት ወር ነፍሰ ጡሯ መርማሪ

የወንጀል ምርመራ ፊልም ሲባል በብዙዎቻችን ዐይነ ኅሊና ቶሎ ብሎ የሚደቀነው ሰው የታወቀ ነው። ካፖርቱን የደረበ፣ ሲጋራው ከከንፈሩ የማይለይ፣ ሚስቱን የፈታ ወይም ጨርሶ ያላገባ፣ ሌሊቱን በመጠጥ ቤት የሚያነጋ፣ የሰውን ሁሉ ምሥጢር እያወቀ የራሱን ቤት የማያውቅ ወንድ ነው። ሴት በዚህ ዓይነቱ ፊልም ውስጥ ብትኖር ወይ ሬሳ ሆና ነው፣ ወይ አታላይ ሆና፣ ያም ካልሆነ ስልክ የምታነሣ ጸሐፊ ሆና ነው። ጠዋት ቁርስ በልቶ የሚወጣ፣ ባልም ሆነ ሚስት «ደኅና ዋል» ብሎ የሚሸኘው መርማሪ ከስንት አንድ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህን ልማድ ስለ ገለበጠ አንድ የአሜሪካ ፊልም ነው። ስሙ «ፋርጎ» ይባላል። ጆኤልና ኢታን ኮኤን የተባሉ ወንድማማቾች ጽፈው ያዘጋጁት ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እንግዲህ አዲስ ፊልም አይደለም። እኔ እስካሁን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ባየሁት ቁጥር ስለ ወንጀሉ የነበረኝ ጉጉት እየቀነሰ፣ ስለ መርማሪዋ ያለኝ ጉጉት ግን እየጨመረ ሄዷል።

የፊልሙ ርእስ እንኳ ያሳስታል። ፋርጎ በሰሜን ዳኮታ ግዛት የምትገኝ ከተማ ናት፤ በፊልሙ ውስጥ የምትታየው ግን መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በጎረቤቷ በሚኒሶታ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በበረዶው ወራት ነው። ሚኒሶታ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ግዛት ስለሆነች፣ እዚያ ዘመድ ያላችሁ ስለ ብርዷ በስልክ ሳትሰሙ አትቀሩም። በፊልሙ ውስጥ ምድሩና ሰማዩ አንድ ሆኖ ነጭ ነው። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ጥቁር ነጥብ ይመስላል።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በሚኒያፖሊስ ከተማ በአንድ የመኪና መሸጫ ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ የሆነው ጄሪ ሉንደጋርድ ገንዘብ ይቸግረዋል። የሚስቱ አባት ባለጸጋ ቢሆንም ለአማቹ ክብርም ሆነ ብር የሚሰጥ ሰው አይደለም። ስለዚህ ጄሪ አንድ ዘዴ ያስባል፤ ይኸውም የገዛ ሚስቱን በሁለት ወሮበሎች አሳግቶ የማስለቀቂያውን ገንዘብ ከአማቱ መቀበል ነው። ለወሮበሎቹ «የሚገኘው 80 ሺህ ዶላር ነው፣ እኩል እንካፈለዋለን» ይላቸዋል። ለአማቱ ግን «1 ሚሊዮን ዶላር ተጠየቅን» ብሎ ይነግራል። ሁሉንም ነው የሚያታልለው። ወሮበሎቹ ሴትዮዋን በመኪና አፍነው ወደ ሰሜን ሲጓዙ፣ ብሬነርድ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ አንድ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ያስቆማቸዋል። እርሱን ይገድሉታል። ነገሩን ያዩ ሁለት መንገደኞችንም አሳደው ይገድላሉ።

እስከዚህ ድረስ ከፊልሙ አንድ ሦስተኛው ያህል ያልፋል፤ ዋናዋን ባለታሪክ ግን ገና አላየናትም። ወንጀለኛው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንዳደረገው፣ ስንት ብር እንደሚፈልግ ሁሉን እናውቃለን። የቀረ ምሥጢር የለም። የምርመራ ፊልም ያለ ምሥጢር ምን ይቀረዋል? የ«ፋርጎ» ልዩ መሆን የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ጎሕ ሳይቀድ ስልክ ይደወላል። ከአልጋዋ ተነሥታ ስልኩን የምታነሣው የብሬነርድ የፖሊስ አዛዥ ማርጅ ጉንደርሰን ናት። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ኖርም ሥዕል ይሥላል፤ የሚሥለውም የዱር ዳክዬ ነው። «ተኛ፣ አትነሣ» ትለዋለች። እርሱ ግን ሳይበላ የወጣ ሰው ሰው አይሆንም ብሎ ይነሣና እንቁላል ይጠብሳል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብዙም ሳይነጋገሩ ይበላሉ። ከዚያ ደኅና ሁን ብላ ትወጣለች፣ እርሱም መብላቱን ይቀጥላል፤ ትንሽ ቆይታ በሩን ከፍታ ትመለሳለች። የፖሊስ መኪናዋ በብርዱ ምክንያት አልነሣ ብሏታል።

ከዚህ ላይ ልብ በሉ። ሦስት ሰዎች በበረዶ ላይ ወድቀው ሳለ ፊልሙ የሚያሳየን የእንቁላል ጥብስና የሞተ ባትሪ ነው። ሌላ አዘጋጅ ቢሆን ይህን ሁሉ ቆርጦ ይጥለውና መርማሪዋን በቀጥታ ከሬሳው አጠገብ ያቆማት ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ከጎረቤቶቼ ጋር፣ እሑድ ከቡና በኋላ ነበር። አምስት ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናት አብረውን ነበሩ። እንግሊዝኛውን አይሰሙም፤ ግድያውንም ዐይናቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነው ያሳለፉት። እንቁላሉ ሲቀርብ ግን ነጠላቸውን ገልጠው «እሰይ! ባዶ ሆዷን አልወጣችም» አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ የሚጠይቁኝ ስለ ወሮበሎቹ አልነበረም። «አሁንስ በላች? ካልሲስ አድርጋለች?» እያሉ ነበር።

በላች እንጂ! በዚህ ፊልም ውስጥ ማርጅ ስትበላ የማናይበት ጊዜ ጥቂት ነው። ኖርም ወደ ጣቢያዋ ምሳ ይዞላት ይመጣል፤ እርሷም በተራዋ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆነውን ትል በከረጢት ገዝታለት ትገባለች። ምሳውና ትሉ ባንድ ጠረጴዛ ላይ! የእርጉዝ ሰው ረኃብ ምን እንደሆነ የምታውቁ እናቶች ይህን ስታዩ መሳቃችሁ አይቀርም።

ወደ ሥራዋ እንመለስ። የግድያው ስፍራ ደርሳ የወደቀውን መኪና ስትመረምር ድንገት ወደ መሬት ጎንበስ ትላለች። የሥራ ባልደረባዋ አንድ ምልክት ያገኘች መስሎት ይጠይቃታል። ያገኘችው ምልክት የለም፤ ሊያስመልሳት ነው። ትንሽ ቆይቶ ይተዋታል። ቀና ትልና ደግሞ ራበኝ ትላለች። ከዚያ በኋላ በበረዶው ላይ የቀሩትን የእግር አሻራዎች ተመልክታ፣ አንዱ ግዙፍ ሌላው ትንሽ ሰው እንደሆኑ፣ ማን ከየት እንደ ተኮሰ፣ ሟቾቹ በምን ቅደም ተከተል እንደ ወደቁ በጥቂት ደቂቃ ትዘረዝራለች። ማቅለሽለሹና ብልኅነቱ በአንድ ገላ ውስጥ፣ በአንድ ጠዋት፣ አንዱ ሌላውን ሳያሰናክል ሲሄዱ እናያለን።

እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የሞተው ፖሊስ በመዝገቡ ላይ የመኪናውን ታርጋ ሲጽፍ ሦስት ፊደላትን ብቻ አስፍሮ ነበር። ባልደረባዋ በእነዚህ ፊደላት የሚጀምር ታርጋ ሲያስፈልግ ቆይቷል። ማርጅ ፊደላቱ የታርጋው መጀመሪያ ሳይሆኑ ገና ያልተሸጠ የነጋዴ መኪና ምልክት መሆናቸውን ወዲያው ታውቃለች። ስሕተቱን የምትነግረው በጣም ለስለስ አድርጋ ነው፤ አንገቱን እንዳይደፋ ደግሞ ወዲያው ስለ ታርጋ አንድ ቀልድ ትነግረዋለች። በመሥሪያ ቤት ውስጥ አለቃ የሆናችሁም፣ አለቃ ያለባችሁም ይህችን ግማሽ ደቂቃ መልሳችሁ ብታይዋት አትከስሩም። ስሕተት ሲያገኝ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ አለቃ አይተናል፤ ባልደረባውን ሳያሳፍር የሚያርመውን ያየን ጥቂቶች ነን።

ፊልሙ ስለ እርግዝናዋ ንግግር አያደርግም። «በዚህ ሁኔታሽ እንዴት ትሠሪያለሽ?» ብሎ ከሥራ ሊያስቀራት የሚሞክር የለም። ሆዷ እንደ ካፖርቷ አብሯት ይዞራል እንጂ ለማሳዘንም ለማስደነቅም አልተቀመጠም። ይህ ነገር በአሜሪካም ቢሆን ሁልጊዜ የነበረ እንዳይመስላችሁ። እስከ 1970ዎቹ ዓመታት ድረስ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነፍሰ ጡር መምህራን ክፍላቸውን ለቀው እንዲወጡ ይገደዱ ነበር። በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ የነበረው ደንብ መምህርቷ ልትወልድ አምስት ወር ሲቀራት ሥራዋን እንድታቆም ያዝዝ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ዓይነቱን ደንብ የሻረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በእርግዝና ምክንያት ሠራተኛን ማሰናበትና መበደል የሚከለክለው ሕግ ደግሞ በ1978 ወጣ። በክሊቭላንዱ ደንብ ቢሆን ኖሮ ማርጅ ቤቷ ከገባች ሦስት ወር ይሆናት ነበር፤ ነፍሰ ገዳዮቹን ያኔ ማን እንደሚይዛቸው እንጃ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የማርጅ ታሪክ በተቀመጠበት በ1987 በአሜሪካ የወሊድ ፈቃድ የሚያረጋግጥ የመላ አገሪቱ ሕግ አልነበረም። የ12 ሳምንት ፈቃድ የሚሰጠው ሕግ የወጣው በ1993 ሲሆን እሱም ያለ ደመወዝ ነው። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛዋ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ይህን ስታነጻጽሩ በሀብት የሚልቅ አገር በሁሉም ነገር እንደማይልቅ ትረዳላችሁ።

የማርጅን ቦታ ወስዳ የተጫወተችው ፍራንሲስ ማክዶርማንድ ናት። ለነገሩ ተዋናይቷ ራሷ ነፍሰ ጡር አልነበረችም፤ ሆዷ የተሠራ ነው። ነገር ግን ከወንበር ስትነሣ፣ ከመኪና ስትወርድ፣ በበረዶ ላይ እግሯን ሰፋ አድርጋ ስትራመድ ብታይዋት ያልወለደች ሴት ናት ብላችሁ አታምኑም። የአዘጋጁ የጆኤል ኮኤን ባለቤት ስትሆን፣ በዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ1997 የምርጥ ተዋናይት የኦስካር ሽልማት አግኝታለች። ፊልሙ በሰባት ዘርፍ ታጭቶ ሁለት የወሰደ ሲሆን፣ ሌላው ለጽሑፉ የተሰጠው ነው። በ2003 የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት የፊልም ጀግኖችን ሲዘረዝር ማርጅን 33ኛ አድርጎ አስቀምጧታል። ጎራዴ ከታጠቁና በፈረስ ከሚጋልቡ ጋር ማለት ነው።

ስለ ሰዎቹ ጠባይ ሳልናገር ባልፍ ግን ነገሩ ይጎድላል። በዚያ አካባቢ ዘሩ ከስዊድንና ከኖርዌይ የመጣ ሰው ብዙ ነው። ንግግራቸው ዘፈን ዘፈን ይላል፤ ፈገግታ ከፊታቸው አይጠፋም፤ እምቢ ማለትን አያውቁበትም። እኛ ይሉኝታ የምንለው ማለት ነው። ፊልሙ በዚህ ይሉኝታ ይስቃል፣ ነገር ግን የሚደበቅበትንም ነገር ያሳያል። ጄሪ ሚስቱን ለወሮበላ የሸጠው ፈገግ እያለ ነው። ማርጅም ፈገግ እያለች ነው የምታጠምደው። አንዱ በይሉኝታ ይዋሻል፣ አንዷ በይሉኝታ እውነቱን ታወጣለች።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ብዙ ተመልካች «ከታሪኩ ጋር ምን አገናኘው?» የሚለው ክፍል ነው። ማርጅ ለሥራ ሚኒያፖሊስ በሄደችበት ጊዜ አንድ የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ደውሎላት በሆቴል ይገናኛሉ። ሰውየው ከፊት ለፊቷ ተነሥቶ ከጎኗ ሊቀመጥ ይሞክራል። ማርጅ አትቆጣም፣ አትጮኽም። አንገቴን ሳላዞር እንዳይህ እዚያው ብትቀመጥ ይሻላል ትለዋለች። እናንተ የቢሮና የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ይህችን ዘዴ የማታውቅ ማን ናት? ሰውየው ሚስቱ በበሽታ እንደሞተችበት እየነገራት ያለቅሳል። እርሷም ታዝንለታለች። በማግስቱ ሌላ ጓደኛዋ በስልክ እንደምትነግራት ግን፣ ሰውየው ያቺን ሴት ጨርሶ አላገባም፤ ሴትዮዋም በሕይወት አለች። ሰውየው የአእምሮ ሕመም አለበት።

ማርጅ ይህን ሰምታ ብዙም አትናገርም። ነገር ግን ወዲያው ወደ ጄሪ መሥሪያ ቤት ትመለሳለች። ቀደም ሲል «የጠፋብን መኪና የለም» ሲላት አምናው ሄዳ ነበር። ፊልሙ ሁለቱን ነገሮች በግልጽ አያያይዛቸውም። እኔ ግን እንደ ብዙ የፊልም ሐያስያን አያይዛቸዋለሁ፤ የሚያለቅስ ሰው ሊዋሽ እንደሚችል ያየች ሴት የሚስቅ ሰውም ሊዋሽ እንደሚችል ትጠረጥራለች። ጄሪ በጥያቄዋ ተጨንቆ «መኪናዎቹን ልቍጠር» ብሎ ይወጣና በዚያው ይሸሻል።

ያልተዋጠልኝ ነገርም አለ። ማርጅ የወሮበሎቹን መኪና በሐይቅ ዳር ካለ ቤት ደጃፍ ስታገኘው በሬዲዮ ርዳታ ትጠራለች፤ ርዳታው ሳይደርስ ግን ብቻዋን ትገባለች። አንደኛው ወሮበላ የሌላውን ሬሳ በእንጨት መፍጫ ማሽን ውስጥ ሲጨምር ትደርስበታለች። ሊሸሽ ሲል እግሩን መትታ ትይዘዋለች። ጎረቤቴ እናት በዚህ ጊዜ «ኧረ ስለ ሆድሽ!» ብለው ጮኹ። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ፊልሙ እስከዚያ ድረስ የሚያስተዋውቀን አስተዋይ ሴትን ነው፤ አስተዋይ ሴት ጥቂት ደቂቃ ትጠብቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እስረኛዋን በመኪና ይዛ ስትመለስ የምትናገረው አለ። ለጥቂት ገንዘብ ሲባል የሞቱትን እየቈጠረች፣ ቀኑ እንዲህ ያማረ ሆኖ ሳለ ይህ ለምን እንደተደረገ አይገባኝም ትለዋለች። ሰውየው ዝም ይላል። ውጪው ብርድና በረዶ ነው፤ ያማረ ቀን ያለችው ይህንኑ ነው።

ማታ ቤቷ ገብታ ከባሏ ጎን ተኝታለች። የኖርም ዳክዬ ለፖስታ ቴምብር ተመርጧል፤ ግን ለ3 ሳንቲሙ ነው፣ ትልቁን የወሰደው ሌላ ሠዓሊ ነው። ኖርም ቅር ብሎታል። ማርጅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ሰው ትንሿን ቴምብር ይፈልጋታል ብላ ታጽናናዋለች። ቀኑን ሙሉ ሬሳ ስታይ የዋለች ሴት ናት የምታጽናናው። ከዚያ ሆዷን ይዘው «ሁለት ወር ቀረን» ይባባላሉ።

ይሁን እንጂ በዚያው ፊልም ውስጥ ሌላ ቤትና ሌላ እናት አለች። የጄሪ ሚስት ጂን ትባላለች። ወሮበሎቹ ሲገቡባት ቴሌቪዥን እያየች ሹራብ ትሠራ ነበር። ፊቷ ተሸፍኖ እጇ ታስሮ በበረዶ ላይ ለመሸሽ ስትሞክርና ስትወድቅ አንደኛው ወሮበላ ይስቃል። ተመልካቹም አብሮ እንዲስቅ የተፈለገ ይመስላል። እኔ አልሳቅሁም። በመጨረሻ ወለል ላይ ወድቃ እናገኛታለን። ለምን እንደ ተገደለች ሲጠየቅ ገዳዩ ጮኸች ይላል፤ ፊልሙም ከዚያ በላይ አይጠይቅላትም። ለማርጅ ቁርስ ያን ያህል ጊዜ የሰጠ ፊልም ለጂን ምን ቢሰጣት ይጎዳ ነበር?

የፊልሙ መግቢያ ታሪኩ እውነተኛ ነው የሚል ጽሑፍ አለበት። እውነት አይደለም፤ ደራሲዎቹ ፈጥረውታል። የእንጨት መፍጫው ማሽን ግን መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1986 በኮነቲከት ግዛት አንድ ባል የሦስት ልጆቹን እናት ገድሎ ሬሳዋን እንዲህ ባለ ማሽን አጥፍቷል። የተገኘው እንደ ጠጉር፣ ጥፍርና የአጥንት ስብርባሪ ያለ ጥቂት ነገር ብቻ ቢሆንም ተፈርዶበታል። እንግዲህ ከቀልዱ በስተኋላ እውነተኛ ሴት ነበረች።

ጂን አንድ ልጅ አላት፣ ስኮቲ ይባላል። እናቱ በታገተች ጊዜ አባቱና አያቱ ስለ ገንዘቡ ሲከራከሩ፣ «ልጁስ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የአያቱ የሥራ ባልደረባ ነው። አባትየው እስኪጠየቅ ድረስ አላሰበውም። ከዚያ ወደ ክፍሉ ይሄዳል፤ ልጁ እያለቀሰ ለፖሊስ እንንገር ይለዋል፤ አባቱ ይከለክለዋል። ፊልሙ ሲያልቅ እናቱ ሞታለች፣ አያቱ ገንዘቡን ሊያስረክብ ሄዶ ተገድሏል፣ አባቱም በአንድ ሆቴል ውስጥ ተይዟል። ካሜራው ወደ ማርጅና ወደ ኖርም አልጋ ይሄዳል፤ ወደ ስኮቲ አይመለስም። ያ ልጅ ያን ሌሊት የት አደረ? እራቱንስ ማን አበላው?